ከድልድሉ የወጣው መምህር

ኑ፣ አረፍ በሉና ስሙኝ ልጆቼ። ቦንጋ፣ እኔ ሻይ በማፈላበት ኮሌጅ፣ መምህርት ናዝራዊት የክፍለ ጊዜ ድልድል ከሚያወጣው ፕሮግራም ጋር ከጠዋት ጀምሮ ትታገላለች።

«የሞከረውን ሁሉ ካላስታወስኩ እያለ ሜሞሪው ይሞላና ይቆማል» አለችኝ። «ደከመኝ ጋሽ ሐዲስ። አንድ ሰው ቢቀነስለት ይጨርስ ነበር።»

አጠገቧ የተቀመጠው ባሏ መምህር ኢያሱ ሳቀ። «እኔን አውጪኛ! በተረፈው ሰዓት አስተምራለሁ።»

አወጣችው፤ ድልድሉም ወዲያው አለቀ።

ወጥቼ ሁለት ሻይ ይዤ ተመለስኩ።

«አንዱ የማን ነው?» አለች።

«የባለቤትሽ።»

«እኔን ላጤዋን! አይቀልዱብኝ እንጂ ጋሼ።»

ኢያሱ እጇን ይዞ «ናዚ! ናዚ!» ይላል። ዞር ብላም አላየችው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ጋሽ ሐዲስ፣ እርስዎስ ያዩኛል?»

ኢያሱ ነው ስሙ፣ ልጆቼ። ከእኔ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ እኔም እየደከምኩ ነው፤ እናንተ አስታውሱልኝ።