አምስት ሳምንት የሚቀረው ፖም

አናጢው ፖሙን ለሁለት ሰንጥቆ በሻይ ማንኪያ ይፍቃል። እጁ መጋዝና መዶሻ እንጂ ማንኪያ አልለመደም፤ ጭማቂው በክንዱ ላይ ይወርዳል። ሚስቱ ሦስት ትራስ ተደግፋ ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ታየዋለች።

"ከኔው ዛፍ ነው?"

"ካንቺው ነው። አሥራ አንድ ይዟል።"

ከሰባት ዓመት በፊት፣ ብርድ ከማይበግረው ዛፍ የተቆረጠች ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ አጣብቃ፣ በጨርቅ ጠምጥማ ያሳደገችው ነው። ውርጭ በሚጥልበት ግቢ ፖም መትከሏን ያዩ ጎረቤቶች "ብርድ ልብስም ግዢለት" እያሉ ሲስቁባት፣ "ይሄ የሚያብበው ዘግይቶ፣ ውርጩ ካለፈ በኋላ ነው። ፍሬው የሚጣፍጠው ደግሞ የዓመቱ የመጀመሪያ ብርድ ሲነካው ነው" ትላቸው ነበር። ስድስት ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ቆየ። ዘንድሮ አበበ፤ ዘንድሮ ታመመች።

ትናንት ሐኪሙ አናጢውን ኮሪደር ላይ ነጥሎ "ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው የሚቀራት" አለው። እሱ ግን ለሚስቱ፣ መድኃኒቱ እስኪሠራ ትንሽ ታገሺ ተብለሻል ብሎ ነገራት።

ማንኪያውን ወደ አፏ ያስጠጋል። ትቀምሳለች፤ ፊቷ ይጨማደዳል።

"አልደረሰም።"

"ደርሷል። መድኃኒቱ አፍሽን አበላሽቶት ነው።"

"እስቲ ልቡን አሳየኝ።"

ሌላውን ግማሽ ከጀርባው ሊያደርግ ይቃጣዋል፤ እጇን ስትዘረጋ ግን ይሰጣታል። ዘሮቹን በጥፍሯ ትነካካለች። ፖም ሲደርስ ዘሩ ይጠቁራል። እነዚህ ገና ነጭ ናቸው።

"አንተ ሰውዬ፣ ሳይደርስ እንዳትነካው ስንቴ ነግሬህ ነበር? አምስት ሳምንት መጠበቅ አቃተህ?"

አንድ ጣውላ ለመቁረጥ ግማሽ ቀን የሚያስብ ሰው ነው። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው አንድም ቀን ችኩል ብላው አታውቅም።

"እኔ እኮ..." ይላል።

ታየዋለች፤ የቀላ ዓይኑን፣ ሳይላጭ የከረመ አገጩን። ቁጣው ቀስ በቀስ ከፊቷ ላይ ይለቃል።

"ነግረውሃል" ትላለች።

አናጢው ያቀረቅራል።



ከዚያ ግማሹን ፖም መልሳ መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች።

"አድቅቀህ ፋቀው" ትለዋለች፤ አፏን ከፍታም ትጠብቀዋለች።