የኪሞኖው ቀኝና ግራ

«እማዬ፣ ሉክ፣ እዪ! ይቺ ልጅ እኮ የሞተ ሰው ልብስ ነው የለበሰችው!»

ውዳሴ የጃፓን ኮሚኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ከላይብረሪ እየተሸከመች የምታመጣው፣ ከኋላ ወደ ፊት የሚነበብ የሥዕል ታሪክ፣ ጉድ ነው። እኔ የአባቷን ቁጥር ለስንተኛ ጊዜ እየደወልኩ ነበር። ባሌ በድሉ እዚሁ ካናዳ፣ ሰሜኑ ጫፍ ፎርት መክመሪ፣ ኦይል ካምፕ ከገባ አራት ወሩ ነው፤ ሳይደውልልን አድሮ አያውቅም። አሁን ሦስት ቀኑ። ኦቨርታይም ይዞት ነው እላለሁ ለራሴ። ዘንድሮ ነዳጁ ዋጋ ጨምሮ፣ ካምፑ ሌት ተቀን ነው የሚሠራው።

«የታለች የሞተችው? ቆማ የለም እንዴ?»

«ኖ፣ ባይ ሚስቴክ ነው፣ ተሳስታ። ኪሞኖ፣ ይሄ የጃፓኖች ልብስ፣ ግራው ነው ከላይ የሚሆነው። ቀኙ ከላይ ከሆነ ለሬሳ ነው። ሰው ሳያያት አያቷ ሮጠው አስተካከሉላት።»

«ታዲያ ምን ይገርማል? እኛስ? የነጠላ ጥለት ወደ ታች ነው የሚሆነው። አዘቅዝቀሽ ጥለቱን ወደ ላይ ካደረግሽው ለቅሶ ነው።»

«ሪሊ? እኛም አለን?» ደስ አላት። ነጠላዬን ከቁም ሣጥን ጎትታ ለበሰች፤ ጥለቱን ወደ ታች። «ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ፣ የኔ ጎበዝ።»

ስልኩ ጮኸ። ዘልዬ አነሳሁት። በድሉ አይደለም፤ የማኅበራችን እትዬ ሸዋወርቅ ናቸው።

«ቤት ነሽ አይደል ልጄ? ሰንሪጅ ሥራ ሺፍት የለሽም?»

«ዛሬ ኦፍ ነኝ፣ እትዬ።»

«እህል ቀምሰሻል?»

«ኧረ ገና ነኝ!»

«ቅመሺ እንጂ። ትንሽም ቢሆን ቅመሺ። መንገድ ላይ ነን።»

ነን? እነማን? በቅዳሜ ጠዋት፣ ገና በሁለት ሰዓት? ደግ ሴት ናቸው፣ ናፍቀውን ነው አልኩ። ዳቦ ቆርሼ ጎረስኩ።

ውዳሴ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። «እማዬ፣ መጡ! እትዬ ሸዋወርቅ፣ ጋሼ ኪራኮስ፣ ቄሱም አሉ። ሁለት መኪና ሙሉ ሰው ነው!» ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። ከዚያ ሳቀች። «ውይ! እትዬ ሸዋወርቅ ተሳስተዋል። ጥለቱን ወደ ላይ አድርገውታል።»

የቀረው ዳቦ ከእጄ ወደቀ።

«ሰው ሳያያቸው ልንገራቸው» ብላ ወጣች።

ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ አመለጠችኝ። ነጠላዬን እየጎተተች ደረጃውን ስትወርድ ይሰማኛል። የታችኛው በር ተከፈተ።

«እትዬ፣ ቆይ፣ ላስተካክልልዎት።»