ስምንት አምፔር

ጣሪያው ሊጠገን ስለሆነ ጠዋት የሶላር ፓነሎቹን አወረድንና ግቢው ውስጥ በፊታቸው ደፋናቸው። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጎን ክፍል የተኛችው እማዬ የምትተነፍስበት የኦክስጅን ማሽን የሚሠራው በባትሪ ነው።

የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚቀይረው ኢንቨርተር «ባትሪ ባዶ» ይላል። እንዲያየው የጠራሁት ቴክኒሻን ሳቀ።

«እሱን አትመነው ጋሼ። ቻርጅ መቆጣጠሪያዋ ለብቻዋ ስለተገዛች፣ ከፓነል ተቀብላ ባትሪው ውስጥ የምታስገባውን እሱ አያይላትም። እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ናቸው።»

ከዚያ መቆጣጠሪያዋን ሲያይ ክው አለ።

«ስምንት አምፔር እየገባ ነው።»

«ፓነሉ መሬት ላይ ተደፍቶ?»

የፓነሉን ሽቦ ነቀለው። ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። እፎይ ልንል ስንል ስምንት አለ። ዜሮ። ስምንት።

በተከፈተው በር እማዬን አየኋት። ደረቷ ሲነሳ ዜሮ፣ ሲወርድ ስምንት።

«እማዬ፣ እስቲ ትንፋሽሽን ያዝ አድርጊ።»

«ደግሞ ምን ነካህ አንተ ልጅ?» አለችና ያዘችው።

ቁጥሩ ዜሮ ላይ ቆመ። የማሽኑ ድምፅ እየሰለለ ሄዶ ጠፋ። እማዬ ስትተነፍስ ማሽኑ መልሶ ተነሳ።

ቴክኒሻኑ የተነቀለውን ሽቦ እንደያዘ ዞረ። «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?»

እኔም እሱን ልጠይቀው ነበር።

«ልጄ» አለች እማዬ፣ «ዛሬስ ምነው እንዲህ ደከመኝ?»

ስምንቱ ሰባት ሆነ።