ከድምፁ ጀርባ

ባለሱቁ ጋሽ ዘለቀ፣ «ይህ የኤሌክትሮስታቲክ የጆሮ ማዳመጫ ማጉያ የተሸሸገ ድምፅ አያመልጠውም» አሉት። ጓደኛው ሳህሉ ግን፣ «ተው እንጂ! የመኪና ዋጋ ከፍለህ የምትሰማው ያንኑ ነው» ሲል ሳቀበት።

እሱ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለ እናቱ፣ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ፈተናህን ጨርስ» ብላ በስልክ ቀድታ የላከችለት። ፈተናውን በጨረሰ ማግስት መርዶዋን አረዱት። ሰባት ዓመት ያለዚህ ድምፅ ውሎ አያውቅም።

ስልኩን ከማጉያው ጋር አገናኝቶ ማዳመጫውን አጠለቀ። ትንፋሿ ጆሮው ሥር መጣ። ከቃሏ በኋላ፣ ስልኩ አሰምቶት የማያውቅ የለቅሶ ጩኸት ከሩቅ ተሰማው። አንዲት ሴትም፣ «ስንዱ፣ የእናትሽ አስከሬን ሊወጣ ነው» አለች። ስንዱ ታላቅ እህቱ ናት።

«መጣሁ» አለ የእናቱ ድምፅ።

«እህስ፣ ይታሸግልህ?» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

«አልገዛውም ጋሼ» አለ ማዳመጫውን አውልቆ። «እናቴን በስልኬ እሰማታለሁ።»