የነሐሴ ውል

ነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት፣ አከራይዋ እትዬ አስካለ ስንዱን አይተዋት እንደማያውቁ ሁሉ ከእግር እስከ ራሷ ገረመሟት። ስንዱ ግቢያቸው ውስጥ መኖር ከጀመረች ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ምን ይደረግ፣ ሕጉ ደግ ነው! ትውውቅ ውል እንዳያበላሽ ብሎ፣ የወር በወር ኪራይ ባለቀ ቁጥር ተከራይን ከአከራይ አእምሮ ሙልጭ አድርጎ ያጠፋል።

"ስንት ናችሁ?"

"እኔና ልጄ ብቻ ነን፣ እትዬ።"

"ልጅ?" ፊታቸውን ቋጠሩ። "ልጅ ግድግዳ ይሞነጫጭራል። እንግዳስ ይበዛብሻል?"

ትናንት እኚሁ ሴትዮ ልጅቷን፣ ረድኤትን፣ አዝለው ሹራብ ሲሠሩላት ነበር የዋሉት። ስንዱ ግን በየወሩ የምትደግመውን መልስ በጨዋ ደንብ ሰጠች፤ ውሃ አናበዛም፣ እንግዳ የለብንም፣ ምስማር አንመታም።

ይህን ጊዜ ረድኤት ዳዴ እያለች ብቅ አለች። የለበሰችው ሹራብ አንድ እጅጌ ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ያሉ አምስት ሹራቦች አሏት፤ እትዬ አስካለ በየወሩ አዲስ ይጀምሩላትና ሁለተኛው እጅጌ ላይ ሲደርሱ ወሩ ያልቃል።

አሮጊቷ ልጅቷን ብድግ አድርገው አቀፏት።

"ወይ ጉድ! የቷ ሰነፍ ናት በዚህ ብርድ ጀምራ የተወችው?" አሉና ኪሮሻቸውን ፍለጋ ዞር ዞር አሉ። "እኔ ብሆን እጨርሰው ነበር።"

ስንዱ እስክሪብቶውን አንስታ ፈረመች። ሕጉን ያወጡት ሰዎች አንድ ነገር ረስተዋል። የነሐሴ ኪራይ ጳጉሜንንም ይጨምራል። አምስት ቀን ደግሞ ለአንድ እጅጌ ይበቃል።