በጣቷ ውስጥ የሚመታው ልብ

«ልጄን እንዳትነኪብኝ!»

ፋንታዬ ሕፃኗን ከማንጠግቦሽ ጭን ላይ መንጭቃ ወሰደች... ፋንታዬ የማንጠግቦሽ ወንድም ሚስት ናት እንግዲህ!

ማንጠግቦሽ ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

ዘመኑ ደርግ፣ 1971 ዓ.ም. ነው። አገሩ ከደባርቅ ወጣ ብሎ።

የመሀል ጣቷ አብጦ የዶሮ እንቁላል አክሏል። ማበጡስ ባልከፋ...

ይመታል!

ድው... ድው... ድው... ልክ እንደ ልብ።

መንደሩ ምክንያቱን ያወቀ መስሎታል። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ተገድሎ መንገድ ዳር ተጥሎ ነበር። ሁሉም ፈርቶ ሲሸሽ፣ ቀርባ ዓይኑን በዚያች እጇ የከደነችለት ማንጠግቦሽ ብቻ ናት።

«የሟቹ ልብ ገብቶባታል» ተባለ።

ውሎ አድሮ እሷም አመነች። ብቻዋን ስትሆን ጣቷን ጆሮዋ ላይ አስጠግታ፦

«የማን ልጅ ነህ? ምን አደረግሁህ?» ትለዋለች።

እሱ መምታቱን አይተውም...

አንድ ቀን ጨክና ዳባት ጤና ጣቢያ ሄደች። ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ሸሀቡ የልብ ማዳመጫውን ጣቷ ላይ አሳረፈ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሰማኸው አይደል?»

«ሰማሁት፣ እትዬ። ግን የሞተ ሰው ልብ አይመታም። ነገ ጎንደር አብረን እንሄዳለን።»

ጎንደር ላይ ሐኪሙ ጣቷን ቆረጠው። ሥጋው በማይክሮስኮፕ እንዲመረመርም አዲስ አበባ ላከው።

ከወር በኋላ ውጤቱ መጣ። ሐኪሙ አነበበው... ደግሞ አነበበው።

«እትዬ፣ እስቲ ነጠላዎን ከአንገትዎ ገለጥ ያድርጉት።»

ከልጅነቷ ጀምሮ የነበረች ትንሽ እንቅርት አለች። በደጋው አገር እንቅርት ማንን ይደንቃል?

«ጣትዎ ውስጥ የተገኘው ሥጋ የአንገትዎ ነው» አላት። «እንቅርቷ ካንሰር ሆና፣ በደም ተጉዛ ጣትዎ ላይ በቀለች። እንደ ልብ ትመታ የነበረውም ደም ስለሞላት ነው።»

ማንጠግቦሽ የተቆረጠውን ጣቷን ስፍራ ዳበሰች...

«እንግዲያ ያ ልጅ... ምንም አላደረገኝም?»

«ምንም።»

ጣቷ ሲቆረጥ ያላለቀሰች ሴት፣ ያኔ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አንገቷም ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች።

ስለ እጇ ሲጠይቋት «ጣቴስ ይሂድ... የሚቆጨኝ፣ ደግ በመሥራቴ የተጸጸትኩበት ያ ዓመት ነው» ትል ነበር።

ወገኖቼ... ሰው ሲታመም ኃጢአት አንፈልግለት። ሐኪም እንፈልግለት!

እናንተስ... ደግ ሠርታችሁ ክፉ ስም የተሰጣችሁ ጊዜ አለ? ተጸጸታችሁ ወይስ ጸናችሁ?