የሁዳዴ ወተት

ብርቅዬ ትኩሱን ወተት ባሏ ተክለሃይማኖት ፊት ልታስቀምጥ ስትል ማራኪ ክንዷን ትይዛታለች። ልጅቷ ከጎንደር የገባችው ገና አሁን ነው፤ ሻንጣዋ እንኳ በር ላይ እንደቆመ ነው።

«እማዬ፣ በሁዳዴ?»

«መድኃኒቱ ነዋ! ዩኒቨርሲቲ ስለ አንጎል የምትማሪው አንቺ፣ በስልክ የነገርሽኝም አንቺ። ሰው ሲያረጅ አንጎሉ ውስጥ ካልሲየሙ ይዛባል አላልሽም? ካልሲየም ደግሞ ወተት ውስጥ ነው፤ ይሄን የማያውቅ አለ?»

«አባዬ በጾም እሺ ብሎ ይጠጣል?»

«ፋሲካ ነው እለዋለሁ።»

ብርቅዬ ዓይኗን ትሰብራለች። ተክለሃይማኖት ስንቱን ነገር ረስቶ ጾሙን አልረሳም፤ ስለዚህ በየቀኑ ትዋሸዋለች። እሱም በየቀኑ ደስ ብሎት እንኳን አደረሰሽ ይላል፣ ጉንጯን ይስማል፣ ይጠጣል። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን ብላ ነው የገባችበት። ለንስሐ አባቷም አልተናገረችም።

ማራኪ ቁጭ ትላለች። «አነሰው አላልኩሽም እኮ፣ እማ። የአንጎሉን ሴል ታክሲ በይው። ወጣት ሳለን ካልሲየሙ ይሳፈራል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ይወርዳል። ስናረጅ የሚያወርደው ይደክማል። የተሳፈረው አልወርድም ብሎ ይከማቻል፤ ሴሉም ይጎዳል።»

«እኔ ትርፍ ጭኜ አላውቅም!» ይላል ተክለሃይማኖት ከወንበሩ፣ ቆጣ ብሎ። ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ ከኮልፌ አየር ጤና ታክሲ ነድቷል። ማራኪ ልትስቅ ትልና ትተወዋለች።

«ታዲያ ወተቱ አያወርደውም?»

«አያወርደውም። አይጎዳውም፣ ግን ለመርሳቱ አይጠቅመውም።»

«ባለፈው ስሜን ጠራኝ እኮ! ጠጥቶ ሲጨርስ ብርቅዬ አለኝ!»

«አንዳንድ ቀን ብልጭ ይልለታል። ከወተቱ አይደለም።»

ብርቅዬ በልጇ ትናደዳለች። ምናለ ከፋሲካ በኋላ ብትመጣ! ከዚያ ንዴቱ ይበርድላታል። ያንን ጾም ሁሉ ያስገደፈችው እንዲያው በከንቱ ነው።

ተክለሃይማኖት ወተቱን አይቶ ቀና ይላል። «ፋሲካ ነው እንዴ?»

አዎ ልትል አፏን ትከፍታለች። አዎ ብትል ይስማታል። መሳሙን ትፈልገዋለች፤ በዚህ ቤት ውስጥ የቀራት ደስታ እሱ ብቻ ነው።

«አይደለም» ትላለች። «ሁዳዴ ነው።»

ይደነግጣል። ብርጭቆውን በጣቱ ገፋ አድርጎ በሩን ያያል፤ ከዚያ ወደ ብርቅዬ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«እባክዎ ቶሎ ያንሱልኝ፣ እትዬ። ባለቤቴ ካየች ታዝንብኛለች። እሷ በጾም ቀልድ አታውቅም።»

«እሺ» ትላለች ብርቅዬ፣ ብርጭቆውንም ታነሣለታለች።